የአፒሳይ ሁለት ደቂቃ

ሳቴንድራ ሥራውን ለኡናይሲ ያስተማራት በአንድ ከሰዓት በኋላ ነው። መኪና የሚያስረው ቢጫ ብረት ጎማ ላይ እንዴት እንደሚጠልቅ አሳያት። ብረቱ የመሥሪያ ቤት ስም አለው፤ የገበያው ሰው ግን "እግር ብረት" ነው የሚለው። የቅጣት ወረቀቱን የፊጂዋ ዋና ከተማ የሱቫ ዝናብ እንዳይበላው ከመስታወት መጥረጊያው ሥር እንዴት እንደሚሸጎጥ አሳያት። ሾፌር ሲጮህ ዓይን ዓይኑን ከማየት ታርጋውን ማየት እንደሚሻል ነገራት። በመጨረሻም የተረፈውን የሮቲ ቂጣ በፌስታል ጠቅልሎ ኪሱ ከተተና ጣቱን አነሳ።

"አንድ ነገር ልምከርሽ እህቴ። ታርጋ ጠይቂ እንጂ አገር አትጠይቂ።"

"አገር ብጠይቅ ምን እሆናለሁ?"

"እኔ ብጠይቅ ምንም አልሆንም። እኔ ህንድ ነኝ፤ 'አያቴ በመርከብ መጣ' ስል ወሬው እዚያው ያልቃል። እናንተ የአገሬው ልጆች ግን አገር የተጠያየቃችሁ ዕለት አለቀላችሁ። ወይ አጎትሽ ሆኖ ይገኛል፣ ወይ የእናትሽ ወገን፣ ወይ ከዚያ የባሰ። ያን ጊዜ ወረቀቱን በማን ላይ ትጽፊዋለሽ?"

ኡናይሲ ሳቀች። ሳቴንድራ ግን አልሳቀም፤ ፀጉሩ በዚያው መንገድ ላይ ነው የሸበተው።

ኡናይሲ ባሏ የሞተባት፣ ሃምሳን ያለፈች ሴት ናት። ዕድሜዋን ሙሉ ከባሕር ዳር ጭቃ ሸርጣን እየያዘች፣ በገመድ እያሰረች መንገድ ዳር ስትሸጥ ኖራለች። ጉልበቷ ጭቃውን እንቢ ሲል ነው ይህን ሥራ የለመነችው። የተሰጣት ለሙከራ ነው። ተቆጣጣሪው ጆሳቴኪ፣ ቃሉ አጭር፣ ካልሲው ረጅም የሆነው ሰውዬ፣ ሲቀጥራት ከገበያው ፊት ያለችውን የአውቶቡስ ፌርማታ በጣቱ አሳያት።

"ይቺን ፌርማታ አንድ ቀን እንኳ ባዶ ሆና አይቻት አላውቅም። የወሩ መጨረሻ ሰኞ እመጣለሁ። ፌርማታዋ ለአውቶቡስ ብቻ ሆና፣ የተረከብሽው ዕቃም ሳይጎድል ካገኘሁሽ ቋሚ ትሆኛለሽ። ካልሆነ…"

ትከሻውን ነቀነቀ። ካልሆነ ወደ ሸርጣኑ ጭቃ መመለስ ነው፤ ኡናይሲ ይህን ለመረዳት አስተርጓሚ አላስፈለጋትም።

ያቺ ፌርማታ ጉደኛ ናት። በስተግራዋ ገበያው፣ በስተቀኟ ወደቡ፣ መሀሉ ላይ ደግሞ ከየመንደሩ ጎደሬና ካሳቫ ጭኖ የሚመጣ መኪና ሁሉ። አንድ መኪና ፌርማታዋ ላይ ከቆመ አውቶቡሱ መሀል መንገድ ላይ ይቆማል፤ አውቶቡሱ መሀል መንገድ ላይ ከቆመ ከኋላው ያለው ሁሉ ክላክስ ያምባርቃል፤ አሮጊቶች ቅርጫታቸውን ታቅፈው በመኪና መሀል፣ በዝናብ፣ እንደ ዶሮ እየተሯሯጡ ይሻገራሉ። ኡናይሲም ድሮ ሸርጣኗን ይዛ እንደዚያው ተሯሩጣለች። ስለዚህ ሥራውን ስትጀምር ለደመወዙ ብቻ አልነበረም።

ሳምንት ሳይሞላት አፒሳይ መጣ።

ቀይ የጭነት መኪናውን ፌርማታዋ እምብርት ላይ ገትሮ፣ አራቱንም ፍሬቻ አብርቶ፣ ጎደሬ ያወርዳል። ፍሬቻ ካበራ የቆመ የማይመስለው ሾፌር ታውቃላችሁ አይደል? እሱ ነው። ሆዱ ቀደም፣ ሳቁ ከሆዱ ቀደም ይላል።

"ለሁለት ደቂቃ ብቻ ነው እናቴ" አላት ሳይዞር።

ኡናይሲ እስክሪብቶዋን አወጣች። ታርጋውን መጻፍም ጀምራ ነበር። ነገር ግን ሰውዬው ዞር ብሎ "እንዴት አደርሽ፣ ዝናቡ አላማረረሽም?" ብሎ ደግ ደጉን ሲናገራት፣ ሃምሳ ዓመት የኖረ ልማድ ከአንድ ከሰዓት ትምህርት በልጦ አፏን ቀደማት። በአገሯ ሰውን ሰላም ብሎ አገሩን አለመጠየቅ እጅ ዘርግቶ እንደ መመለስ ነው።

"የየት አገር ሰው ነህ?"

"የናምቡሮ። አንቺስ?"

እስክሪብቶው ቆመ። ውሸት መናገር ትችል ነበር፤ ግን አገሩን የሚዋሽ ሰው አይታ አታውቅም።

"የቩኒሳ" አለች ቀስ ብላ።

አፒሳይ የያዘውን ጎደሬ አስቀመጠ። እጁን በሱሪው ጠረገ። ከዚያ ፊቱ ጥርስ በጥርስ ሆኖ፣ እጁን ሰደድ አድርጎ የደንብ ባርኔጣዋን ከራሷ ላይ አነሳና በራሱ ላይ ደፋው።

"ታውቩዬ" አላት። "እስከ ዛሬ የት ነበርሽ?"

ታውቩ ማለት፣ ልጆቼ፣ ዘመድ አይደለም፤ ባዳም አይደለም። ድሮ የሁለቱ መንደር አባት አንድ የባሕር መንፈስ ነበር ይባላል። ሻርክ ሆኖ ናምቡሮ ላይ ይበላና ቩኒሳ ሄዶ ይተኛል። የበላበት አገር ሰዎችና የተኛበት አገር ሰዎች እስከ ዛሬ የሚከለካከሉት ነገር የለም። ታውቩህ ቤት ገብተህ ድስቱን ከነወጡ አንስተህ ብትሄድ ስርቆት አይባልም። በአደባባይ "አፍንጫህ የጀልባ መልሕቅ ያክላል" ብትለው ስድብ አይባልም። ሰው ፊት ቆመህ "ይህን ስጠኝ" ካልከውም አይከለክልህም። የተከለከለው መቆጣት ብቻ ነው። ቀድሞ የተቆጣ ተሸነፈ፤ አሳማ አርዶ ሁለቱን መንደር ያበላል፤ ስሙም ለልጅ ልጅ መሳቂያ ይሆናል።

ኡናይሲ አልተቆጣችም። "ባርኔጣው ካንተ ይልቅ ጎደሬህ ላይ ያምር ነበር" አለችውና የቅጣት ወረቀቱን ሰጠችው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ አፒሳይ ግን ወረቀቱን አራት አጥፎ አፉ ውስጥ ከተተና ዓይን ዓይኗን እያየ አኘከው።

"ጨው ያንሰዋል" አለ።

ከዚያ ወዲያ በየቀኑ መጣ። አንድ ቀን የጽሕፈት ሰሌዳዋን ወስዶ ካሳቫ ከተፈበት። ሌላ ቀን ፊሽካዋን ነጥቆ አውቶቡሶችን በፉጨት አሳልፎ፣ ሲጨርስ ፊሽካውን ለአንዲት ሎሚ ሻጭ ሸለመ። ኡናይሲም አልተኛችለትም፤ ከጭነቱ ትልልቁን ጎደሬ እየመረጠች ትወስድበታለች፤ እሱም "ውሰጂ ታውቩዬ፣ ሁለት እጅሽ አነሰሽ እንጂ" እያለ ይስቃል። የገበያው ሴቶች ሥራ ፈትተው ያዩዋቸዋል። ፌርማታዋ ግን እንደ ተዘጋች ናት፤ አሮጊቶቹም እንደ ተሯሯጡ ናቸው። የወሩ መጨረሻም ቀረበ።

"አላልኩሽም?" አለ ሳቴንድራ።

"ብለኸኛል።"

"እንግዲህ ወረቀቱን እየበላ ከሆነ ብረት አብይው። ብረት አገር የለውም፤ ታውቩ አያውቅም።"

ዓርብ ጠዋት ኡናይሲ ከመጋዘኑ እግር ብረቱን በፊርማ ወሰደች። አፒሳይ ጎደሬውን ተሸክሞ ገበያው ውስጥ ሲጠፋ ጠብቃ የፊት ጎማውን ቀረቀረችበት። ቁልፉን በገመድ አንገቷ ላይ አጠለቀች። አፒሳይ ተመልሶ ሲያይ ጎንበስ ብሎ ብረቱን እንደ አዲስ ጥጃ ደባበሰው።

"እንዴት ያምራል። ለእኔ ነው?"

"ቅጣትህን ስትከፍል ይፈታልሃል። እስከዚያ በርታ" አለችውና ከዝናቡ ለመጠለል ወደ አንድ ሻይ ቤት ሄደች። ሻይ ይዛ ተቀመጠች። ሻዩ ጣፋጭ ነበር። ከሥራው ሁሉ ያ ሻይ ጣፈጣት።

ስትመለስ ፌርማታዋ ባዶ ነበረች። መኪናው የለም፤ ጎማው የለም፤ እግር ብረቱም የለም። መንገዱ ላይ አንድ ትልቅ ጎደሬ ብቻ ተቀምጧል።

ሎሚ ሻጯ ሳቋ አላናግራት ብሎ ሆዷን ይዛ ነገረቻት። አፒሳይ ክሪክ አውጥቶ መኪናውን አነሳ፤ ቡሎኖቹን ፈታ፤ ጎማውን ከነእግር ብረቱ አውልቆ ካሶኒው ላይ ጫነ፤ መላጣ ስኮርታውን አስሮ ሄደ። "ታውቩዬ ስጦታ ሰጠችኝ፤ በምላሹ ይህን ስጡልኝ" ብሎም ጎደሬውን ትቶላት ነው።

ኡናይሲ ጎደሬውን አንስታ ቆመች። እግር ብረቱ በእሷ ፊርማ የወጣ ነው፤ ሰኞ ተቆጣጣሪው ይመጣል። ፖሊስ ጋ ብትሄድ ደግሞ "ታውቩዋን የከሰሰችው" ተብላ ቩኒሳ መቀበርም ያሳፍራታል። ጉልበቷ ከወዲሁ የሸርጣኑ ጭቃ ሸተተው።

ማታውን አክስቷ ታራይቪኒ ጋ ሄደች። ታራይቪኒ ሰፊ ሴት ናት፤ ከተቀመጠች ለማስነሳት ሰው ይጠራል። ታሪኩን ሰምታ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች፤ ከዚያ እንባዋን ጠረገችና የእህቷን ልጅ ትክ ብላ አየቻት።

"ተቆጥተሻል እንዴ?"

"አልተቆጣሁም።"

"ጥርስሽ ሲፋጭ እዚህ ድረስ ይሰማኛል።"

"ብርድ ነው አክስቴ።"

"ጎሽ፣ ብርድ ይሁን። አሳማ ስለሌለን አልተቆጣሽም ማለት ነው።" ታራይቪኒ ትንሽ አሰበች። "ይህ ሰውዬ ቅዳሜ ገበያ ይወጣል?"

"ቅዳሜ ዋናው ገበያ ነው። ከሳምንቱ ጭነት ሁሉ ትልቁን ያን ቀን ነው የሚሸጠው።"

"እንግዲያው ጎህ ሲቀድ እንሄዳለን። ሁለት ጓደኞቼንም እጠራለሁ።"

"ምን ልናደርግ?"

"ምንም። ልንቀመጥ" አለች ታራይቪኒ።

ጓደኞቿ እሷን የሚያክሉ ናቸው። ጠዋት አራቱ ሴቶች ከአውቶቡስ ወርደው የናምቡሮን መንገድ ሲይዙ ከሩቅ አንድ ደወል ሰሙ፤ ግን የደወል ድምፅ የሌለው ደወል ነው፤ ድስት በመዶሻ እንደ መምታት ያለ። መንደሩ ሲደርሱ ኡናይሲ ምንጩን አየችው። ከመሀሉ ማንጎ ዛፍ ላይ፣ ከነጎማው፣ እግር ብረቷ ተንጠልጥላለች። አንድ ጎረምሳ በብረት ዘንግ ይነርታታል። የቤተ ክርስቲያኑ ደወል ተሰንጥቆ ኖሯል፤ አፒሳይ ለመንደሩ አዲስ አመጣለት።

"እንግዳ መጣ ማለቱ ነው" አለች ታራይቪኒ። "በራስሽ ብረት ተደወለልሽ፤ ይህም ክብር ነው።"

የመንደሩ አለቃ በረንዳቸው ላይ ተቀምጠዋል። እንደምታውቁት በመንደር ውስጥ ከአለቃ በቀር ባርኔጣ የሚያደርግ የለም። እኚህ ሽማግሌ ግን ዛሬ ያደረጉት የኡናይሲን የደንብ ባርኔጣ ነው፤ የፊት ምልክቱ ተወልውሎ ያበራል። ሴቶቹ መሬት ተቀምጠው ለመጠጥ የሚወቀጠውን የያንጎና ሥር እስራት እጅ መንሻ አቀረቡ፤ ሽማግሌው በሁለት እጃቸው ተቀብለው መረቁ፣ "ቤታችሁ ነው" አሏቸው።

"ቤታችን ከሆነማ" አለች ታራይቪኒ፣ "እግራችንን ትንሽ እንዘርጋ።"

የአፒሳይ መኪና እስከ አፉ ጎደሬ ተጭኖ፣ በመላጣው ስኮርታ ቆሞ፣ ሊወጣ ነው። መንገዱ በሁለት ቤት መሀል የሚያልፍ ጠባብ ነው፤ ከኋላው ቦይ አለ። ሴቶቹ ምንጣፋቸውን ከመኪናው አፍንጫ ሥር ዘረጉና ተቀመጡ። ታራይቪኒ ከአጥሩ ቀይ አበባ ቀጥፋ በሁለቱም ጆሮዋ ላይ ሰካች፤ ጓደኞቿም ሰኩ።

አፒሳይ ቁልፉን እያሽከረከረ መጣ። አያቸው።

"እንዴት አደራችሁ እናቶቼ። ምን ሆናችሁ እዚህ?"

"ለሁለት ደቂቃ ብቻ ነው" አለች ታራይቪኒ።

"ገበያ ልወጣ ነበር'ኮ።"

"አይዞህ፣ ፍሬቻ አብርተናል" አለችና ወደ ሁለቱ አበቦች ጠቆመችው።

ሽማግሌው በረንዳቸው ላይ ባርኔጣቸውን አስተካከሉ። ከየቤቱ ሰው ብቅ አለ። አፒሳይ ገባው፤ ሳቀም፤ መጀመሪያ ላይ ከልቡ ነው የሳቀው። እንግዳ ነውና ሚስቱ ካሳቫና በኮኮናት የተሠራ ዓሣ አቀረበች። ሴቶቹ በሉ። ታራይቪኒ ጣቷን እየላሰች "ይህ ዓሣ እንደ ባለቤቱ ወፍሯል" አለች። ሌላ ቀረበ፤ እሱንም በሉ። ፀሐይዋ ወጣች። የጎደሬው ቅጠል መጠውለግ ጀመረ።

አፒሳይ ሞተር አስነሳ። ማንም አልተነሳም። ክላክስ ነፋ፤ ታራይቪኒ በክላክሱ ምት መዝሙር ጀመረች፤ ጓደኞቿ ድምፅ ከፍለው አጀቧት፤ ከየበረንዳው ሴቶች ተቀበሉ፤ እሱ በነፋ ቁጥር መዝሙሩ እያማረ ሄደ። ሲተው "ምነው፣ ሦስተኛው ስንኝ ላይ ነበርን'ኮ" አሉት። ከገበያ ስልክ ተደወለለት፤ ጆሮው ላይ አንዲት ደንበኛው ስትጮህ መንደሩ ሁሉ ሰማ። "መጣሁ፣ መንገድ ተዘግቶብኝ ነው" አለ አፒሳይ።

"መንገድ ሲዘጋ ያናድዳል" አለች ኡናይሲ። ከመጣች ይህ የመጀመሪያ ቃሏ ነው።

አንገቱ ላይ አንድ ጅማት ብቅ አለ። መንደሩ ያንን ጅማት እንደ ዓሣ ማጥመጃ ገመድ አተኩሮ ጠበቀ። አፏን የከፈተች አንዲት ልጅ "አጎቴ አፒሳይ ሊቆጣ ነው?" አለች፤ እናቷ "ዝም በይ፣ አሳማው ይሰማል" አለቻት።

አፒሳይ ረጅም ትንፋሽ ወሰደ። ጅማቱ ተመለሰ። ከመኪናው ወርዶ መጣና ምንጣፉ ጫፍ ላይ ዘፍ አለ።

"እሺ በቃ። ታውቩዬ፣ ምን ልስጥሽ?"

ሁሉም ወደ ማንጎው ዛፍ አየ። ታራይቪኒ ኡናይሲን በክርኗ ጎሰም አደረገቻት፤ በይ ጠይቂው ማለቷ ነው። ኡናይሲ ግን አፏን ከፍታ መልሳ ዘጋችው። ብረቱን ብትጠይቅ ብረቱን ታገኛለች። ሰኞ ግን ይህ ሰውዬ ተመልሶ እዚያው ፌርማታ ላይ ነው፤ ማክሰኞም እዚያው ነው። ዛሬ የሚጠየቀው አንድ ነገር ነው፤ ይህን ሁሉ ሰው በምስክርነት ደግሞ ሁልጊዜ አታገኝም። ዝናቡ ላይ ቅርጫታቸውን ታቅፈው የሚሮጡት አሮጊቶች ትዝ አሏት።

"ያቺን ፌርማታ ስጠኝ" አለች።

ብረቱን ሲነርት የነበረው ጎረምሳ ዘንጉን ዝቅ አደረገ።

"የትኛዋን?"

"ገበያው ፊት ያለችውን። በየቀኑ የምትቆምባትን።"

አፒሳይ ግራ ገባው። "ፌርማታዋ'ኮ የኔ አይደለችም።"

ከበረንዳው ሽማግሌው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ያንተ ካልሆነች አፒሳይ፣ በየቀኑ ምን ልትሠራ ትቆምባታለህ?"

አፒሳይ ሰማዩን አየ፤ ጎደሬውን አየ፤ ሚስቱን አየ፤ ሚስቱ ድስት እያጠበች ነው፣ ትከሻዋ ግን በሳቅ ይርገፈገፋል። የእኔ ናት ቢል መስጠት ነው፤ የእኔ አይደለችም ቢል ሌባነቱን ለአለቃው መንገር ነው። ከታውቩ መስረቅ ሌላ፣ ከአውቶቡስ መስረቅ ሌላ። በመጨረሻ ሳቁ ከሆዱ ተነስቶ አፉ ላይ ደረሰ።

"የእኔ ናት" አለ። "የእኔ ነበረች። ሰጠሁሽ። ከነአውቶቡሷ ሰጠሁሽ።"

ሰው ሁሉ መዳፉን ጎድጎድ አድርጎ አጨበጨበ፤ እንዲህ ከተጨበጨበ ነገሩ አበቃ፣ መመለስ የለም።

ኡናይሲ ተነስታ ልብሷን አራገፈች። "ጎማህንስ አትፈልገውም? ቁልፉ አንገቴ ላይ ነው።"

አፒሳይ መላጣውን ስኮርታ አየት አደረገ፤ ራሱ ሄዶ እግር ብረቱን ከዛፉ አወረደው። እሷ ፈታችው፤ እሱ ጎማውን ወሰደ፤ እሷ ብረቱን ወሰደች። ሽማግሌው "ታዲያ ነገ በምን ልንጠራራ ነው?" ብለው አዘኑ። ኡናይሲ ባርኔጣውን ቀና ብላ አየችው። ሽማግሌው በድንገት ደመናውን ማጥናት ጀመሩ። ምን ትበል፤ ተወችላቸው። አፒሳይ ራሱ በመኪናው እስከ ከተማ ወሰዳቸው፤ ታራይቪኒ ጎደሬው ላይ እንደ ንግሥት ተቀምጣ።

ሰኞ ጠዋት ኡናይሲ ባዶ ራሷን፣ ብረቷን ታቅፋ ስትደርስ ፌርማታዋ ላይ ጩኸት ሰማች። አፒሳይ ነው። ቀዩን መኪናውን ከገበያው ጀርባ ካለው ማራገፊያ አቁሞ፣ እሱ ግን ፌርማታዋ መሀል እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ቆሟል።

"ወዲያ በል። ይህ የታውቩዬ ቦታ ነው፤ እኔ ነኝ የሰጠኋት" ይላል ለአንዱ ሾፌር። "ለሁለት ደቂቃ? ሁለት ደቂቃ ማለት ስንት እንደሆነ እኔን ጠይቀኝ።"

የሰጠውን ስጦታ ሰው እንዲነካበት የሚፈልግ ማን አለ? ማንንም አያስቆምም። አውቶቡሶቹ አንድ በአንድ ጥጋቸውን ይዘው ይገባሉ፤ አሮጊቶቹ በእርጋታ፣ ጃንጥላቸውን ዘርግተው ይወርዳሉ። ሎሚ ሻጯ በተሸለመችው ፊሽካ አንዴ ትነፋለች። ሳቴንድራ ሮቲውን መብላት ረስቶ ያያል።

አፒሳይ ጎደሬውን ሊያይ ዞር ባለበት ቅጽበት ነው አንዲት ነጭ መኪና ሹልክ ብላ ገብታ የቆመችው። ረጅም ካልሲ ያደረገ ሰው ወርዶ፣ ፍሬቻውን አብርቶ፣ "ለሁለት ደቂቃ ብቻ ነው" ብሎ ማንንም ሳያይ ተናግሮ ወደ ሸርጣን ሻጮቹ ሮጠ።

ሳቴንድራ የኡናይሲን ክንድ ያዘ። "አላየሽም በይ። ተቆጣጣሪው ናቸው። ተይው፣ አሁን ይወጣሉ።"

አውቶቡስ መጣ። መግቢያ አጥቶ መሀል መንገድ ላይ ቆመ። በሩ ተከፈተ፤ አንዲት አሮጊት ቅርጫቷን ታቅፋ ዝናቡንና መኪናውን ግራና ቀኝ አየች፤ ልትሮጥ ነው። ኡናይሲ ዛሬ የሚወሰነውን ቋሚ ሥራዋን አሰበች፤ ጭቃውንም አሰበች። ጎንበስ አለች። ጉልበቷ ቀጭ አለ፤ ከእሱ ቀጥሎ ደግሞ ብረቱ ቀጭ አለ።

ጆሳቴኪ የታሰሩ ሸርጣኖች አንጠልጥሎ፣ ዝናቡን እየሸሸ መጣ።

"ኡናይሲ፣ በጣም ጥሩ፣ አንቺን ነበር የምፈልገው። ዕቃ ቆጠራ ላይ ነኝ ዛሬ። እግር ብረቱ የታለ?"

"ጎማዎ ላይ" አለች ኡናይሲ።

ሰውዬው ወደ ታች አየ። ለረጅም ጊዜ አየ። ሸርጣኖቹ በገመዳቸው ይንፈራገጣሉ፤ አውቶቡሱ ክላክስ ነፋ፤ አፒሳይም ደረሰ።

"አንቺ ሴትዮ" አለ ጆሳቴኪ በመጨረሻ፣ ድምፁን ለስለስ አድርጎ፣ "ለመሆኑ የየት አገር ሰው ነሽ?"

ሳቴንድራ ዓይኑን ጨፈነ።

"ሥራ ላይ አገር አንጠይቅም ጌታዬ" አለች ኡናይሲ። "ታርጋዎን ጽፌያለሁ።"

ጆሳቴኪ ዓይኑን ከእሷ ወደ ፌርማታዋ፣ ከፌርማታዋ ወደ አሮጊቷ አሻገረ። ከዚያ ሸርጣኖቹን ለአፒሳይ አስያዘና የቅጣቱን ወረቀት በሁለት እጁ ተቀበለ። አልበላውም።

"ይሠራል ማለት ነው ብረቱ።"

"በደንብ ይሠራል።"

"ይህ ሁሉ ጭርምትምትስ ከየት መጣ?"

"ሰው ሲጠራበት ነበር።"

"ባርኔጣሽስ?"

"እሱ ሹመት አግኝቷል ጌታዬ።"

ተቆጣጣሪው ሌላ አልጠየቀም፤ ሌላ መስማትም የፈለገ አይመስልም። ቅጣቱን ከፍሎ፣ ብረቱ ተፈቶለት መኪናው ውስጥ ሲገባ መስኮቱን ዝቅ አደረገ። "ነገ ቢሮ ነይና አዲስ ባርኔጣ ውሰጂ። ቋሚ ሠራተኛ ባዶ ራሷን ዝናብ ሊመታት አይገባም" አለና ሄደ።

አውቶቡሱ ጥጉን ይዞ ገባ። ኡናይሲ ብረቷን አቅፋ፣ ዝናቡ በግንባሯ እየወረደ ቆመች። ሳቴንድራ ሮቲውን ለሁለት ገምሶ ግማሹን ሰጣት።

አፒሳይም አጠገቧ መጥቶ ቆመ። የተቆጣጣሪው ሸርጣኖች አሁንም እጁ ላይ ናቸው። ዓይኑ ግን አናቷ ላይ ነው፣ ገና ባልመጣው ባርኔጣ ላይ።

"አዲስ ነው ያለው አይደል?" አላት።